አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ የጠፋው ውሻ

ሠዓሊዋ አዲሱን የልጆች መጽሐፏን ስታገላብጥ ክው አለች። በየገጹ ባለታሪኳን ልጅ የሚከተለው ውሻ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ የለም። መሳሉን ረስታዋለች!

አሳታሚው ጋ ደወለች።

«እህቴ፣ ማን ልብ ይለዋል? በሁለተኛው እትም እናርመዋለን» አላት።

«ልጆች ናቸዋ ልብ የሚሉት!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ወር ሙሉ ሲከነክናት ከረመ። በመጨረሻ የሰፈሩን ቤተ መጻሕፍት ቅጂ እንኳ ላርም ብላ ቀለምና ብሩሿን ቦርሳዋ ውስጥ ሸጉጣ ሄደች።

ገጹን ስትገልጠው፣ አልጋው ሥር በእርሳስ የተሳለ ውሻ ተኝቷል። ሌላው ውሻ ከበሩ ጀርባ ተደብቆ ጅራቱ ብቻ ይታያል። አንዱማ አምስት እግር አብቅሎ ጣሪያው ላይ ወጥቷል።

ሳቋ አመለጣት። ብሩሿን ሳታወጣ አሳታሚው ጋ ደወለች።

«ስማ፣ አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ብትነኩ ወዮላችሁ!»