ጳጉሜ ያላለቀችበት ሰፈር

ለመሆኑ እርስዎ ወደ ዘንድሮው ዓመት የገቡት በማን ፈቃድ ነው? ቀኑ በራሱ ነጋ ብለው ይመልሱ ይሆናል። ወፍጮ ሰፈርም እንደዚያ ይመስለው ነበር።

ደሴ ውስጥ፣ ከድልድዩ ወዲህ ባሉት የወፍጮ ሰፈር ሠላሳ ሁለት ቤቶች፣ በዚያ ዓመት ጳጉሜ አላለቀችም። ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበራት። ስድስተኛው ቀን መሸ፤ ችቦ ተለኮሰ፤ ሰው ተኛ። ሲነጋ ጳጉሜ ሰባት ሆነ። ዝናቡም እንደ ትናንቱ ይወርድ ነበር።

ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ካርድ ስላልሠራሁላቸው ነው።

ስሜ ይርገዱ ይባላል። አርባ አንድ ዓመት በካርቱምና በእስክንድርያ ኖሬ በሰኔ ወር ተመለስኩ። በነዚያ ዓመታት በየነሐሴው ሠላሳ ሁለት የእንቁጣጣሽ ካርድ በእጄ ሠርቼ ወደ ወፍጮ ሰፈር ልኬያለሁ፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ። በፍቅር አይደለም። በሕይወት እንዳለሁ በየዓመቱ እንዲያዩት ነው። አንድም ሰው መልስ ጽፎልኝ አያውቅም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ እቆርጣለሁ፤ በምላጭ እቀርጻለሁ፤ በእንጨት ቁራጭ ላይ በማስቲሽ እለጥፋለሁ። ሦስት ማህተም አለኝ፤ ፀሐይ፣ አደይ አበባና ወፍ። መጀመሪያ ቢጫው ይመታል፤ እሱ ሲደርቅ አረንጓዴው። ማህተም የሚበላሸው ሰው ሲጫነው ነው። እንደ ትኩሳተኛ ግንባር ነካ አድርጎ መልቀቅ ይበቃዋል።

ስመለስ ያረፍኩት እናቴ በኖረችበት ቤት ነው። ቤቱን ቀበሌው ከሃያ አራት ዓመት በፊት ከባቲ ለመጣች ሐዋ ለምትባል ሴት አከራይቶታል፤ እሷ ደግሞ የጓዳውን ክፍል ለእኔ አከራየችኝ። ሃያ አራቱን ካርዶቼን በመደርደሪያ ላይ ደርድራ ነው የጠበቀችኝ። ሌሎቹ ቤቶች የኔን ካርዶች ምን እንዳደረጓቸው አልጠየቅኩም። ሁለት ወር ሙሉ በመንገዱ ስመላለስ ሰዎቹ ጃንጥላቸውን ወደ እኔ ጋደል እያደረጉ ያልፉኝ ነበር። ስለዚህ በነሐሴ አንድ ካርድ ብቻ ሠራሁ። ለሐዋ።

ጳጉሜ ሰባት ማለዳ ሐዋ ከግቢ ገባች።

«እትዬ ይርገዱ፣ ይህን ነገር ወጥተው ይዩልኝ።»

ወጣሁ። ዝናቡ አጥራችን ላይ ሲደርስ በመቀስ እንደተቆረጠ ያበቃል። ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ነው። አደይ አበባው ፈንድቷል።

«እኛ ጋ መስከረም አንድ ነው» አልኳት። «ካርድ ደርሶሻል።»

«እነሱስ?»

«አልሠራሁላቸውም።»

ሐዋ አጥሩን ተመለከተች። «ወላሂ ደግ አደረጉ» አለችና ሽንኩርቷን ልትከትፍ ገባች። ከሰዓት በኋላ ቦኖ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነገሩን ለተሰለፉት ሁሉ ነገረቻቸው።

መጀመሪያ የሳቁ ነበሩ። ጳጉሜ አሥር ላይ ሳቁ ቀረ። ለጳጉሜ ደመወዝ እንደማይከፈል ይታወቃል፤ ስለዚህ የሰፈሩ ነርሶችና ጸሐፊዎች በነጻ መሥራታቸውን ቀጠሉ። ልጆቹ ትምህርት ባለመከፈቱ ደስ ብሏቸው በዝናቡ ሲታጠቡ ሰነበቱ፤ ጣታቸው እንደ ዘቢብ ሲጨማደድ እነሱም ተዉት። ለበዓል የተገዙት በጎች መታረጃ ቀናቸው ስላልደረሰ ሣሩን ጨርሰው የመስኮት መጋረጃ ይበሉ ጀመር። እያንዳንዱ ምሽት የዋዜማ ምሽት ስለሆነ ችቦ መለኮስ ግድ ነበር። ችቦው ሲያልቅ አጥር ተነቀለ፤ አጥሩ ሲያልቅ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተፈለጡ።

ከድልድዩ ማዶ ያለው ከተማ በመስከረም ውስጥ ነበር። አንድ የሰፈራችን ሰው ተሻግሮ ባንክ ሄደ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየችና «ቀንዎ ሲደርስ ይምጡ» ብላ መለሰችው። ስትናገር ትሕትና አልጎደላትም አሉ።

አሁን ለምን እንደሄድኩ ልናገር። በሰባ ዓመተ ምሕረት አንድ ሰው የቀበሌውን ክብ ማህተም አስመስሎ ቀርጾ የይለፍ ወረቀት ላይ መታበት። ይህ በዚያን ጊዜ የሚያስገድል ነገር ነበር። እኔ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከተበጠሰ ነጠላ ጫማ ሶል የፀሐይና የአበባ ማህተም እየቀረጽኩ የእንቁጣጣሽ ካርድ እሠራለሁ። «ይርገዱ ማህተም ስትቀርጽ አይተናል» የሚል ወረቀት ተጻፈ። ከእኛ ቤት በቀር ሠላሳ አንዱም ቤት ፈረመበት፤ ፊደል ያልቆጠረው በአውራ ጣቱ። ወረቀቱን በዚያ ባማረ እጅ ጽሕፈቷ የጻፈችው አስካለ ናት። አስካለ አንድ ወንበር ላይ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ነበረች።

እኔ በመተማ በእግሬ ወጣሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ እናቴ ወይዘሮ ደብሪቱ ስትሞት እድሩ ድንኳን አልተከለም። የአድኃሪ እናት ናት ተባለ። አራት የቀን ሠራተኞች ተሸክመው ቀበሯት። ይህን ካርቱም ላይ የነገረኝ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሻይ እየጠጣ። ከዚያ በኋላ በሦስት ቋንቋ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። በሦስቱም ጎረቤት ጎረቤቱን ሲሸጥ አግኝቻለሁ፤ ምክንያቱን በጥሩ ሁኔታ የጻፈልኝ ግን አላጋጠመኝም።

ጳጉሜ አሥራ ዘጠኝ ላይ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ምትኩ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። አጥራችን ሲደርስ ጃንጥላውን አጠፈ።

«ጤና ይስጥልን፣ እትዬ ይርገዱ።»

«ምትኩ፣ ዓይንህ ዳነልህ? ሁለት ወር ሙሉ አላየኸኝም ነበር እኮ።»

«ዝናብ ነው እንግዲህ፤ ሰው አይለይም።»

«እሺ፣ እዚህ ዝናብ የለም። እየኝ።»

አየኝ። ከዚያ መሬቱን አየ። «ሰው ተቸግሯል። የልጄ ሠርግ ለጥቅምት ተቆርጧል።»

«ጥቅምት ካንተ ሩቅ ነው።»

«ሠላሳ አንድ ካርድ ነው። ወረቀቱን እድሩ ይችላል።»

«ወረቀት አለኝ።»

«ታዲያ ምን ይሁንልዎ?»

«ድንኳን።»

«ለማን?»

«ለእናቴ።»

አብረውት የመጡት ሰዎች ተያዩ። «እትዬ ይርገዱ» አለ ምትኩ ቀስ ብሎ፤ «ወይዘሮ ደብሪቱ ካረፉ እኮ ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፏል።»

«እናንተ ጋ ጊዜ አያልፍም ሲባል ሰምቻለሁ።»

ሁለተኛውንም ነገርኩት። ከሐዘኑ በኋላ ከየቤቱ አንድ ሰው እየመጣ በዚያ ወረቀት ላይ ስለተፈረመው ነገር የሚያውቀውን በሰው ፊት ጮክ ብሎ ይናገራል። እኔ እየሰማሁ ካርዱን እሠራለሁ።

ጳጉሜ ሃያ ሁለት ማለዳ ጥሩምባ ተነፋ። ጥሩምባ ነፊው በዝናቡ ውስጥ እየተራመደ «ወይዘሮ ደብሪቱ አርፈዋልና ቀብር እንዳትቀሩ» እያለ ሠላሳ አንዱን ቤት አዳረሰ። ድንኳኑ በሐዋ ደጃፍ ተተከለ፤ ግማሹ ጳጉሜ ውስጥ፣ ግማሹ መስከረም ውስጥ። ወንበሮቹ ለችቦ ስለተፈለጡ ሰዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ንፍሮ ተቀቀለ። ወንዶቹ ሦስት ቀን ካርታ ሳይጫወቱ አደሩ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ መጀመሪያ ለወጉ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን የእናቴን ሙያ፣ የእናቴን አረማመድ፣ ለማን ምን እንዳበደረች እያነሱ ከልባቸው አለቀሱ። በራሷ ቀብር አራት ሰው ብቻ ለወጣላት ሴት አሁን አንድ መቶ ዘጠኝ ሰው ተቀመጠላት። እኔ አላለቀስኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ በር ላይ ጠረጴዛ አስወጣሁ። ማህተም የምነክርባቸውን ሰፍነጎች ቀለም አጠጣኋቸው። ሰፈሩ በሙሉ ተሰለፈ።

መጀመሪያ የቀረበው ምትኩ ነው።

«ማህተም ስትቀርጽ አይቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ» አለ።

«የምን ማህተም አየህ?»

«የፀሐይ።»

«የቀበሌውንስ?»

«እሱን... አላየሁም።»

«ለኋለኞቹ ይሰማ።»

«የቀበሌውን አላየሁም!» ብሎ ጮኸ። ቀለሙ ወዲያው ደረቀ። ካርዱን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ደጁ ሲደርስ ዝናቡ ከጣራው ላይ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተነሣ። እዚያ ቤት በቀጥታ መስከረም አሥራ ስምንት ሆነ። በመካከል የቀሩትን ቀናት ማንም አልጠየቀም።

ከኋላው ወይዘሮ ስንዱ ቀረበች። «ሽጉጥ ደቅነውብን ነው የፈረምነው» አለች። ማህተሙን መታሁ። ቢጫው አልደርቅ ብሎ ከወረቀቱ እየወረደ እጅጌዋን አበላሸው።

«ስንዱ፣ ቀለሙ አልደረቀም።»

«ያው ሽጉጥ ባይሆንም...»

«ምን ነበር?»

«ስኳር ነበር» አለች። «ያልፈረመ የዚያን ወር ስኳር አይታደለውም ተባለ። ሁለት ኪሎ።»

ቀለሙ ደረቀ። ከኋላዋ የተሰለፉት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ፈጠነ፤ አብዛኞቹ ስኳር ነበሩ። ሁለቱ ሳሙና ነበሩ። አንዱ እናቴ በአጥር ጉዳይ ስለዘለፈችው ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ሠላሳ ቤት ጨረስኩ። ሰፈሩ እንደ ዳማ ሰሌዳ አንዱ ግቢ ፀሐይ፣ አንዱ ግቢ ዝናብ ሲሆን ቆይቶ ዝናቡ በአንድ ግቢ ብቻ ቀረ። በየደጁ እልልታ ተሰማ። በጎቹ ታረዱ። ሐዋ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆማ «እሰይ! እሰይ!» ትል ነበር።

የመጨረሻዋ አስካለ ነበረች። ውኃው ከነጠላዋ ይንጠባጠባል።

«ይርጌ» አለችኝ። በዚያ ስም የጠራኝ ሰው ከሄድኩ ወዲህ አልነበረም።

«ተቀመጪ።»

«ቆሜ ልንገርሽ። ማህተሙን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። በምላጭሽ። ካስቀመጥሽው ሶል ላይ ቆርጬ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ክቡ ጠማማ ነበር። አንቺ ክብ መሥራት አይሆንልሽም።»

ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው። «ወንድሜን ለማሳለፍ ነው። ሊወስዱት ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።»

«አለፈ?»

«አለፈ። ስዊድን ነው። አራት ወልዷል።»

«ደስ ይበልሽ።»

«ማነው የቀረጸው ሲሉኝ አንቺ ነሽ አልኳቸው። ሌላ ሰው ብጠራ ማን ያምነኛል? ወረቀቱንም ራስሽ ጻፊው አሉኝ፤ ጻፍኩት። ለእትዬ ደብሪቱም ድንኳን አይተከል ሲባል እጄን አውጥቻለሁ።»

እየተናገረች ፀሐዩን መታሁ፤ ከዚያ አበባውን፤ ከዚያ ወፉን። ቀለሙ እጄን ሳላነሣ ደረቀ። አንድም ጠርዝ አልሳተም። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ካርዶች ሁሉ እንደዚያ ያማረ የለም።

«ይኸውልሽ» አልኳት። «ያንቺ ነው።»

አልተቀበለችኝም። «ካርዱ ይቅርብኝ፣ ይርጌ። አንድ ቃል በይኝና ልሂድ።»

የትኛውን ቃል እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ካርዱን ውሰጂ፣ አስካለ።»

«ቃሉን ሳትዪኝ አልወስድም።»

«እንግዲያው ጳጉሜ ውስጥ ትቀሪያለሽ።»

«እቀራለሁ» አለች፤ ነጠላዋን ሳትከናነብ ወደ ዝናቧ ተመለሰች።

ዛሬ መጋቢት አሥር ነው። የምትኩ ልጅ በጥቅምት ተዳረች፤ እኔን ከሙሽራዋ እናት ጎን አስቀመጡኝ። በመንገድ ሳልፍ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፤ ሴቶቹ ከተቀመጡበት ብድግ ይላሉ። የሚቀጥለውን ነሐሴ ሁሉም ያስባሉ። እኔም ከመነዳሪ ገዝቻለሁ።

አስካለ ጋ ጳጉሜ አንድ መቶ ዘጠና ስድስት ነው። ዝናቡ በእሷ ግቢ ላይ ብቻ እንደ ዓምድ ቆሞ ይወርዳል። ምሽት ምሽት ከዚያ ውስጥ የችቦ ጢስ ይወጣል፤ ምን እንደምታነድ አናውቅም። ማለዳ ማለዳ በቆርቆሮ አጥሯ ቀዳዳ አንድ እጅ ይወጣል። እስከ አንጓው ያለው ክፍል ወደ ፀሐይ ሲወጣ ደረቅ ነው፤ መጨማደድ የለበትም፤ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ እጅ ነው፤ ጣቶቹ ላይ ቢጫ ቀለም አለ። ልጆች አበባ ሲያስጨብጡት አይጨብጥም፤ ጥሎት መዳፉን ወደ ላይ እንደዘረጋ ይቆያል። እኔ በየማለዳው ወንበሬን አውጥቼ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ፤ ካርዷንም ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ።

ይቅር አልልም። እሷንም፣ ሠላሳውንም ቤት፣ ማንንም።