ጸበል የጠጣው ሞተር

ኃይለመስቀል ከምጽዋ ሲመለስ ይዞ የመጣው የጀልባ ሞተር ነው። ባሕር በሌለበት ደጋ፣ በቀየት! ስምንት ፒስተን ያለው የብረት ጉማጅ፤ ከመኪና መንገድ እስከ እናቱ ደጃፍ የአገሩ ጎበዝ እየተፈራረቀ በወሳንሳ ሲያመጣው ትከሻው ተልጦ ነበር።

«መርከበኛው መጣ» አሉት። «የጓሳን ሣር ሜዳ ሊቀዝፍ ነው» አሉት። «እባክህ በጎቻችንን ምጽዋ አሻግርልን!» እያሉም ተሳለቁበት።

እናቱ ፀሐይወርቅ እንዲህ የሚሉትን ከደጇ ታባርር ነበር። ያላት እሱ ብቻ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ወዳጆ ርስቱን አርሰው ይበሉ ነበር። ልጁ ሲመጣ መሬቱን ይለቁ ይሆን ብላ ስታስብ፣ እሳቸው በሽማግሌ ፊት ሳቁበት።

«ወፍጮ ላቆምበት ነው ትላለህ፤ ይሄ ጉድ ሲያጓራ እንጂ ሲፈጭ ማን አየው? እንወራረድ! በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት፣ ፀሐይ ስትወጣ አስነሣው። እስክትጠልቅ ሳይቆም ከፈጨ የወንድሜ ርስት ያንተ። ከቆመ ግን እናትህ ጭሰኛዬ ናት፤ አንተም ወደ ዓሣህ።»

«እሺ፣ ዋስ ይጥሩ!» አለ ኃይለመስቀል።

ፀሐይወርቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዋስ ከተጠራ በኋላ ቃል አይመለስም።

ከዚያ በኋላ ሞተሩን አጥንት በአጥንት ፈታው። ፒስተኖቹን አንዱ ካንዱ እንዳይከብድ በነጋዴ ሚዛን እየመዘነ፣ የከበደውን በሞረድ ያቀልለዋል። የዘይቱን መሄጃ አሰፋ፤ የተበላውን ሁሉ በአዲስ ቀየረ።

«ልጄ፣ ይበቃዋል፤ ዓይንህ ጠፋ እኮ።»

«እማዬ፣ ይህ ለሩጫ የተሠራ ነው። የሚሮጥ ቶሎ ይሞታል። እኔ ሮጦም የማይሞት ነው የማደርገው።»

ባሕር ላይ የባሕሩ ውኃ ነበር የሚያቀዘቅዘው፤ እዚህ በቆጥ ላይ በርሜል ሰቅሎ በቧንቧ አገናኘው። ሲያስነሣው ምድሩ ተንቀጠቀጠ፤ በጎቹ ወደ ጓሳ ፈረጠጡ። ወፍጮው ገብሱን እንደ ጢስ አደቀቀው። የሳቁት ሁሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

አያ ወዳጆም መጡ። ቀረብ ብለው ጎኑን እንደ በቅሎ ደባበሱት።

«እንዴት ያለ አውሬ ነው! እንዴት ያምራል!» አሉ። «ማርያም ትጠብቀው» አላሉም። ወዲያው ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው የቆዳ ቺንጊያ ጧ ብሎ ተበጠሰ።

ፀሐይወርቅ አማተበች። ዓይን ነው! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ኃይለመስቀል ሌላ ቺንጊያ ፍለጋ ደብረ ሲና መውረድ ነበረበት። በቅሎው ላይ ሳይወጣ ከሞተሩ ሥር ያለችውን ቧንቧ ከፍቶ ውኃውን አፈሰሰ፤ መልሶ ዘጋትና፣ «ስመለስ እኔው እሞላዋለሁ። እስከዚያ ባዶውን ይደር፤ ውርጩ ክፉ ነው። እንዳትነኪው!» አላት።

አልነካችም፣ እስከ ገብርኤል። የገብርኤል ዕለት ግን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አያ ወዳጆን እንደገና ደጇ ላይ ቆመው፣ ሞተሩን ትክ ብለው ሲያዩት አገኘቻቸው። ሮጣ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ መምሬ ገብረ አማኑኤል ተመለሰች።

«ሞተሩን ዓይን ሊበላብኝ ነው፣ አባቴ!»

«ጸበል አጠጪው።»

«ብረቱን?»

«ብረትስ የእግዜር ፍጥረት አይደለም?»

«ልጄ ውርጭ ይፈራል፤ ባዶውን ይደር ብሏል።»

«ጸበል ውርጭ ይፈራል እንዴ? ደግሞ እንዳትደፊው። እግር የሚረግጠው መሬት ላይ ጸበል መድፋት ድፍረት ነው።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ጸበል በእንስራ እየተመላለሰች በርሜሉን ሞላችው፤ ጸበሉም በቧንቧው ወደ ሞተሩ ሆድ ወረደ። ያም አልበቃት አለ፤ የምትለብሰውን የበግ ጠጉር ባና አውጥታ ሞተሩን እንደ አራስ ሸፈነችው። እሷ በነጠላ ብቻ ስትንዘፈዘፍ አደረች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የተባለው ለዚህ ነው።

ሲነጋ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ኃይለመስቀል አዲሱን ቺንጊያ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ መምሬም መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ባናውን ገፈፈው።

የሞተሩ ጎን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። በስንጥቁ መሐል በረዶ እንደ ምላስ ወጥቷል።

«ማነው ውኃ የሞላብኝ? ማነው የገደለኝ?» ዞሮ አያ ወዳጆን በጋቢያቸው አንገት አነቃቸው። «እርስዎ ነዎት! ትናንት እዚህ ቆመው ነበር አሉ!»

«ኧረ በሕግ!» አሉ አያ ወዳጆ። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ መቆማቸውን ሰው ሁሉ አይቷል።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ታላቁ፣ «እሳቸው ናቸው ብለህ በመስቀሉ ከማልህ ውርርዱ ፈርሷል፤ ርስቱም ላንተ ይፈረዳል» አሉት።

«እምላለሁ!»

ከፀሐይወርቅ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። የልጇ እጅ ወደ መስቀሉ ሲዘረጋ አየች። በሐሰት የማለ ዓመት አይደግምም ሲባል ነው ያደገችው።

«ተው! እኔ ነኝ፣ ልጄ። ጸበል ነው የሞላሁት። ዓይን እንዳይበላው ብዬ… መምሬ አጠጪው ብለውኝ።»

ሁሉም ወደ መምሬ ዞረ። መምሬ መሬት መሬት አዩ።

«እኔ ለራስሽ ጠጪ ነው ያልኳት» አሉ።

አያ ወዳጆ ጋቢያቸውን አስተካክለው እስኪያነቡ ሳቁ።

«እግዜር ይስጥሽ ፀሐይወርቅ! እኔ ብሆን እንዲህ አሳምሬ አልገድለውም ነበር።»

ኃይለመስቀል ወደ እናቱ ተጠጋ።

«ዝም ማለት አቃተሽ?»

«በሐሰት ምለህ ብትሞትብኝስ?»

«አሁንስ የት አለሁልሽ?»

በቅሎውን ሳያሳርፍ አዞረና በመጣበት መንገድ ወረደ። ቺንጊያው ትከሻው ላይ እንደተጠመጠመ ነበር።

ፀሐይዋ ጠንከር ስትል በረዶው መቅለጥ ጀመረ። ጸበሉ በስንጥቁ እየተንጠባጠበ በሽማግሌዎቹ እግር ሥር ጨቀየ፤ እየረገጡት ተነሥተው ሄዱ። ፀሐይወርቅ ተንበርክካ በባናዋ ታደርቀው ጀመር።

«ተይው አንቺ» አሏት አያ ወዳጆ። «በጎቼ ይጠጡት። ከነገ ጀምሮ ጭሰኛዬ ነሽ፤ ጨው የምታበይልኝም ይህንኑ ብረት ገንዳ አድርገሽ ነው።»