አማቴን ግድግዳ ሳስጎበኝ

ሌላው ሰው አማቱ ከአዲስ አበባ ሲመጡለት ድልድዩን ያሳያል፤ ባሕሩን ያሳያል፤ በጣም ከቸገረው ሞል ወስዶ በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ሽቅብ ያወጣቸዋል። እኔ ግድግዳ አሳየሁ። ያውም ሰው የሞነጫጨረበትን፣ ባለቤቱ የተናደደበትን፣ ሥሩ ሽንት ሽንት የሚሸተውን መርጬ። ለምን ቢሉኝ፣ የሥዕል ዐዋቂ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሥራዬ ላይ ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያ ሰባት ከኦክላንድ ኤርፖርት እስከ ሳን ሆዜ መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን እነዳ ነበር። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ፍሩትቬል ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ስንደርስ «አቁም!» ብላ ጮኸችብኝ። ታመመች ብዬ ደንግጬ ባቆም፣ ወርዳ ከባቡር ሐዲዱ ጎን ያለውን ግንብ ፎቶ ታነሣ ጀመር። «መስመሩን እየው! መስመሩን!» ትለኛለች። አየሁት። ወፋፍራም ፊደላት እርስ በርሳቸው ተጠላልፈዋል፤ ሰማያዊው ቀስ እያለ ወደ ብርቱካን ቀለም ይለወጣል። ምን እንደሚል አልገባኝም፤ ግን ደስ አለኝ። በየቀኑ ሳልፍበት አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን በማግሥቱ ሊቅ ሆኜ ተነሣሁ። አንገቴ ላይ ስካርፍ ጠመጠምኩ። ተሳፋሪዬ ወደደም ጠላም ስለ መስመርና ስለ ቀለም ይማራል። ሳን ሊያንድሮ የሚወርደው ምስኪን በረራው አድክሞት አንገቱ እየወደቀ፣ እኔ ቫኑን አዝግሜ «በስተቀኝህ ያለውን ተመልከት፤ የእጁን ድፍረት ተመልከት» እለዋለሁ። የማላውቀውን ደግሞ እፈጥር ነበር። ባለቤቴ መሠረት ይህን ሁሉ ታግሣ ታግሣ አንድ ቀን «ስካርፉን አውልቅና ቆሻሻውን ድፋ» አለችኝ።

አማቴ አቶ ጥሩነህ የመጡት ለጨጓራ ሕክምና ነው። እኔና መሠረት ግን የምንጠብቃቸው ለሌላ ጉዳይ ነበር። የተጋባነው ካርቱም ነው፤ ሽማግሌ አልላክሁ፣ ቤተሰብ አላስፈቀድኩ፣ ሁለት ጓደኞቻችን አጨበጨቡልንና አለቀ። እሳቸው ልጃቸው ማግባቷን የሰሙት ከሰው አፍ ነው። ጮኸው ቢሰድቡኝ በተገላገልኩ። ጨዋ ናቸውና የሚቀጡኝ በአክብሮት ነበር፤ «አቶ ዘነበ፣ ጨው ያቀብሉኝ»፣ «አቶ ዘነበ፣ እግዜር ይስጥልኝ»። ማዕድ ሲነሣ ምግቡን ይመርቃሉ፣ ሐኪማቸውን ይመርቃሉ፣ ታች ያለችውን ጎረቤታችንን ይመርቃሉ። እኛ ጋ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዝም።

መሠረት እርጉዝ ነበረች። ልጁ ከመወለዱ በፊት አባቷ ትዳራችንን እንዲመርቁላት ነው የምትፈልገው፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ዝም ባሉ ቁጥር ኩሽና ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ታለቅሳለች።

«ለኔ ተይው፤ እኔ እማርካቸዋለሁ» አልኳት።

«በምን?»

«በአርት።»

አፍጥጣ አየችኝና ወደ ሳህኖቿ ዞረች።

ቅዳሜ ቫኑን አስፈቅጄ ይዣቸው ወጣሁ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አሥረው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ከኋላ ተቀመጡ። ከፍሪዌዩ ድልድይ ሥር ጀመርን፤ የባቡር ሐዲዱን ተከትለን ወረድን፤ ሳን ሆዜ ድረስ ሄደን ሜክሲኮዎቹ ዳቦ ቤታቸው ላይ ያሳሉትን በቆሎና ፀሐይ አየን። የኔ አፍ አላረፈም። እሳቸው ግን ከግድግዳው ይልቅ ዞር ዞር እያሉ መንገዱን ነው የሚያዩት። አንድ መጋዘን ፊት ስንቆም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«የማን ግንብ ነው?»

«የነጋዴ ነው አባባ፤ ስሙን አላውቀውም።»

«ሰውየው አለ? በሕይወት አለ?»

«አለ እንጂ፤ ምን ይሆናል?»

«የጻፈውስ ልጅ?»

«ማን እንደሆነ አይታወቅም። የዚህ ጥበብ ትልቁ ነገርም እሱ ነው። ሠዓሊው ራሱን ሰውሮ...»

«እሱስ ይሰወር» አሉና ባርኔጣቸውን ወደ ዐይናቸው ጎተት አደረጉ። «አሁን እንሂድ።»

ቤት ስንገባ መሠረትን ወደ ጎን ወስጄ «አባትሽ ዐይን አላቸው! ጥያቄያቸው የተራ ሰው ጥያቄ አይደለም» አልኳት። ምን ምን እንደጠየቁኝ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«አባዬን ሁለተኛ ወደዚያ እንዳትወስደው።»

«ለምን?»

«አትውሰደው አልኩህ!»

እርግዝናው ነው ብዬ ተውኩት። ታላቅ ወንድሟ አምሐ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ እንደቀረ ነግራኛለች፤ በምን ምክንያት እንደሆነ ግን ጠይቄያት አላውቅም። በኛ ዘመን ሰው እንዲህ ያለውን አይጠያየቅም፤ ሁሉም የየራሱ አለው። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ጭንቅላቴ በመስመርና በቀለም ተይዞ ነበር።

በሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ከቤት ስወጣ፣ የምንኖርበት ሕንፃ የጎን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ተስሎበት አገኘሁት። ሰማያዊና ብርቱካን፣ ፊደሎቹ ከሰው ቁመት የሚበልጡ፣ ዙሪያቸው በጥቁር የተከበበ። ያ ፍሩትቬል ያየሁት እጅ ራሱ ነው! ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። እኔ ለፍቼ የምፈልገው ነገር አድራሻዬን ጠይቆ የመጣ መሰለኝ። አባባን ከነፒጃማቸው እጃቸውን ይዤ ወደ ደጅ አወጣኋቸው።

ብዙ ቆመው አዩት።

«አቶ ዘነበ፣ ይህ የእርስዎ ግድግዳ ነው?»

እውነተኛው መልስ «አይደለም፣ ተከራይ ነኝ» ነበር። ግን በአማቱ ፊት ተከራይ ነኝ የሚል ማነው? ደረቴን ነፋሁ። «የኔ ነው አባባ! ያለኔ ፈቃድ ማን ይነካዋል?»

ፊታቸው ዐመድ ሆነ። ውበት ያስደነገጣቸው መሰለኝ።

«መቼ ነው የሚያጠፉት?»

«ምን ሲደረግ አጠፋዋለሁ! እሑድ ሰው ጠርቼ አሳየዋለሁ እንጂ።»

ያንኑ ቀን ሳን ሆዜ ለሚኖረው ጓደኛዬ ለአክሊሉ ደወልኩ። «ካሜራህን ይዘህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና» አልኩት።

«ዘኔ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ግራፊቲ ለማየት ነው ይሄን ሁሉ ድራይቭ የማደርገው? እዚህስ ሞልቶ የለ?»

«ዶሮ አለ።»

«እንዲያ በለኛ!»

እሑድ አባባ ሆዴን አሞኛል ብለው ከቤት ቀሩ። አስቀድሰን ስንመለስ አክሊሉ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር፤ እኔም እንደ ሙዚየም ኃላፊ ከፊት ከፊት እየመራሁ «ዐይናችሁን ጨፍኑ» አልኩ። ማዕዘኑን ዞርን። «ክፈቱ!» አልኩና እኔም አየሁ።

አባባ የወተት ሳጥን ላይ ቆመዋል። ኮታቸውን አውልቀው፣ ክራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ባወጡት ነጭ ቀለም ግድግዳውን ይለቀልቃሉ። ግማሹ ሄዷል።

«አባባ! ኧረ ምን ነካዎት!»

«ቶሎ ይበሉ፤ እዚያ አንድ ብሩሽ አለ» አሉኝ ወደኔ ሳይዞሩ። «ሰው ሳያየው እንጨርሰው።»

«ሰው እንዲያየው እኮ ነው የፈለግኩት! ደግሞ የእርስዎ ነው እንዴ? በሰው ቤት...»

«አቶ ዘነበ!» አሉ ዞረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኹብኝ። «ልጄ ነፍሰ ጡር ናት! ግድግዳው የኔ ነው ብለውኛል። ነገ መጥተው ‹ማነው የጻፈው› ሲሉ ማንን ሊሰጧቸው ነው?»

አክሊሉ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። መሠረት ወደ አባቷ ሄዳ እግራቸውን ያዘች፤ ከሳጥኑ እንዳይወድቁ።

«አጥራችን ላይ ጽፈውብን አደሩ» አሉ አባባ፤ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። «ኖራ እቤት አልነበረም። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ አጥሩን ስለሚቀባ የሰፈሩ ሱቅ ጨርሷል። መርካቶ ወረድኩ። ተሸክሜ ስመለስ አብዮት ጥበቃዎቹ ቀድመውኛል። የቤቱን ሰው አሰልፈው እጅ እጃችንን ያያሉ። አምሐ ጣቱ ላይ ቀለም ነበረበት፤ ተማሪ ነው፣ እስክሪብቶው ያፈስበት ነበር። ይጻፈው አይጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። ኖራውን እንኳ አላወረድኩም፤ እንደተሸከምኩ ልጄን ወሰዱት።»

ቅዳሜን ሙሉ በሁለት ከተማ ያስጎበኘኋቸው የልጃቸውን ሞት ነበር። ያውም እያንዳንዱ ግድግዳ ፊት አቁሜ፣ እያብራራሁ። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም። ስካርፌን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና ብሩሹን አነሣሁ።

ይህን ጊዜ ነው የሥዕሉ ባለቤት የመጣችው። ቱታ የለበሰች፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለች የሜክሲኮ ዘር ወጣት ናት። ሥራዋን ፎቶ ልታነሣ ነው አመጣጧ፤ ነጩን ስታይ ካሜራዋን ልትወረውረው ምንም አልቀራት። «ማነው ይህን ያደረገው?» ብላ በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም ወረደችብን። ስንት ወር የደከምኩለት ጊዜ ደረሰ ማለት ነው፤ እነሆ ሠዓሊዋ፣ እነሆ እኔ። በእጄ ነጭ ቀለም የሚያንጠባጥብ ብሩሽ ይዣለሁ። አክሊሉ ጀርባ ተደበቅኩ።

አባባ ቋንቋውን አያውቁም። ግን ጣቶቿን አዩ፤ ሰማያዊና ብርቱካን።

«እሷ ናት?»

«ናት አባባ።»

ከሳጥኑ ወረዱ። ይቅርታ ሊጠይቋት ነው ብዬ ለማስተርጎም ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። እሳቸው ግን እጇን ለቀም አደረጉና ይቆጧት ጀመር። «እንዲህ ሆነሽ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ለመንገድ ትዞሪያለሽ? እናት የለሽም? ሰው የለሽም?» መሐረባቸውን አወጡ፤ ብሩሽ ሊያጥቡበት ያዘጋጁት አኳራጅ ውስጥ ነከሩና ጣቶቿን አንድ በአንድ ይፈትጉ ጀመር።

«ምን እያሉ ነው?» አለችኝ፤ እጇን ለመንጠቅ እየታገለች።

በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት። ስለ መስመር አይደለም። ስለ አምሐ፣ ስለ ኖራው፣ ስለ እስክሪብቶው። ሲልቪያ ትባላለች። እስክጨርስ ድረስ ፊቷን ከሽማግሌው ላይ አላነሣችም። ከዚያ መታገሏን ተወችና ያልተጠረገውን ሌላውን እጇን ራሷ ዘረጋችላቸው።

አባባ ጠርገው ሲጨርሱ እጃቸውን ሻሿ ላይ ጫኑ። «ከክፉ ዐይን ይሰውርሽ። በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ። እናትሽ ደጅ ደጁን አትይ።» መሠረት «አሜን» አለች። ያ ስንት ሳምንት የጠበቅነው ምርቃት በማናውቃት ሴት ላይ ሲፈስስ ምን ላድርግ? ከጎኗ ጠጋ አልኩና የሚተርፍ ካለ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«እርስዎ ደግሞ ምን ያጎነብስዎታል?» አሉኝ። «መኪናውን ያምጡ፤ ቤቷ ትድረስ።»

አክሊሉ ሳቁ አመለጠው። እኔም አልፈረድኩበትም።

አውቶቡስ አለልኝ ብትል ማን ሰምቷት። አባባ ከኋላ አብረዋት ተቀመጡ፤ መንገዱን ሁሉ በመስኮት እያማተሩ ሳን ሊያንድሮ ደረስን። ትንሽ ቢጫ ቤት ናት። ሲልቪያ ወርዳ ስታንኳኳ ልነሣ ማርሽ ሳስገባ፣ አባባ ከኋላ ትከሻዬን ያዙኝ። «ቆይ።»

እናቷ በሩን ከፈተች። ቱታዋን አየች፣ እጇን አየች፣ ከዚያ የቁጣ መዓት አወረደችባት፤ የት ነበርሽ መሆን አለበት። ሲልቪያ አንገቷን ሰበር አድርጋ ገባች። በሩ ተዘጋ፤ ቁጣው ግን በመስኮቱ እየወጣ ይሰማን ነበር።

አባባ ያን ጩኸት እንደ ጥሩ ወሬ ነው ያደመጡት። «ገባች» አሉ። ደግመው «ገባች እኮ» አሉ። በመስታወቱ ሳያቸው ያለቅሳሉ።

ትከሻዬን የያዘው እጃቸው ወደ አናቴ ወጣ። የነጩ ቀለም ርጥበት ፀጉሬ ውስጥ ይሰማኛል። «አንተም ከነሚስትህ፣ ከነልጅህ» አሉ፤ «በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባ። ደጅህን ክፉ አይርገጠው። የምትወልደው ልጅ ይቅበርህ እንጂ አትቅበረው።»

እኔ ለእያንዳንዱ ግድግዳ ንግግር የማያልቅብኝ ሰውዬ አሜን ለማለት አፌን ብከፍት ድምፅ አጣሁ። ጠበቁኝ፤ አሁንም አልወጣልኝም። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው አሜን አሉልኝ።