እጇ ጆሮዋ ያልደረሰላት ልጅ

በደርግ ዘመን ጉለሌ ውስጥ አንደኛ ክፍል ለመግባት የልደት ወረቀት የሚጠይቅ አልነበረም። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፣ ይመዘገባል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመጣል፣ አለቀ። ማስተማር ከጀመረች ገና ዓመት የሆናት መምህርት አዲሳለም፣ የልጅ ጭንቅላት እንዲህ ከውጭ ከውጭ ሲለካ ባየች ቁጥር ትበሽቅ ነበር። በዚያ የመስከረም ጠዋት ምዝገባው ላይ ተቀምጣም ስትበሽቅ ነው ያረፈደችው።

የብርሃኔ ተራ ደረሰ። ብርሃኔ የቀጨኔ ጥጥ ፈታይ ናት፤ ባሏ ሽሮ ሜዳ ሸማ ይሠራል። ልጇን ሳቢትን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት። ሳቢት እጇን በአናቷ ላይ ሰደደች፣ ተንጠራራች፣ አንገቷን አጣመመች፤ ጣቷ ግን ፀጉሯ ውስጥ ቀረ።

«ለከርሞ» አሉ ዳይሬክተሩ ጓድ መዝገቡ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ልጄ እኮ ታነባለች!»

«ጓድ ይበሉኝ። ልጄ ታነባለች ያላለችኝ እናት ዛሬ የለችም።»

አዲሳለም ግን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ አንስታ ለልጅቷ ሰጠቻት። ሳቢት ተቀበለች፣ ገጹን አየች፣ ከዚያ መጽሐፉን ቁልቁል ዘቅዝቃ ያዘችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

«ይኸው! ሸምድዳ ነው እንጂ የሚያነብ ሰው መጽሐፍ ይዘቀዝቃል? እስቲ አቃኑላት!» አሉ ዳይሬክተሩ።

አዲሳለም አቃናችላት። ሳቢት ፊደሎቹን አይታቸው እንደማታውቅ ፈዛ ቀረች። አንዲት ቃል አልወጣትም።

ጓድ መዝገቡ ወደ እናትየው ዞሩ። «እርስዎ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት አለዎት፤ በቀበሌው ስብሰባ ላይ የሰጠሁዎት እኔው ነኝ። መጽሐፉን በቃሏ አስጠንተው አምጥተዋታል።»

ብርሃኔ ዞር ብላ ሰልፉን አየች። ከኋላዋ የተሰለፉት በዚያ ስብሰባ ላይ ያጨበጨቡላት ጎረቤቶቿ ናቸው። የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ልጇን አየች። ከዚያ በቃ፣ ተናገረችው።

«እኔ ማንበብ አልችልም። ማታ ማታ ቀበሌ ስማር እሷን የምተውበት አልነበረኝም፤ ይዣት እሄድ ነበር። አግዳሚው ስለማይበቃን ከጠረጴዛው ማዶ፣ ፊት ለፊቴ ትቆማለች። መምህሩ አንብቢ ሲለኝ በሹክሹክታ የምትነግረኝ እሷ ነበረች። ፈተናውንም ያለፈችው እሷ ናት።»

አዲሳለም ነገሩ አሁን ገባት። ይህች ፍጥረት፣ ማንም አስተምርሻለሁ ሳይላት፣ የእናቷን መጽሐፍ ከማዶ እያየች ፊደሉን ሁሉ ተዘቅዝቆ ነው የተማረችው! የዕለቱን ጋዜጣ ከዳይሬክተሩ ብብት ሥር መንጭቃ አወጣች፤ መመንጨቋ የታወቃት በኋላ ነው።

«ይኸ የዛሬ ነው፤ ማንም ሊያስጠናት አይችልም» ብላ ዘቅዝቃ ሰጠቻት።

ሳቢት ጣቷን በመስመሩ ላይ አስከተለች። «የፕሮ... የፕሮሌታሪያን ዓለም አቀፋዊነት...»

ጓድ መዝገቡ ራሳቸው በውይይት ክበብ በየሳምንቱ የሚታገሉትን ቃል ልጅቷ አንዴ ብቻ ተደናቅፋ አለፈችው።  ከሰልፉ አንዷ እልል ስትል ግቢው በእልልታ ተናጋ።

«የታችኛውን!» አሉ ዳይሬክተሩ ከመቀመጫቸው ተነስተው። አነበበች። «ገልብጪና ከጀርባው!» እሱንም አነበበችው። ፊታቸው ሊፈካ ሲል ኮስተር አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

«መመሪያ መመሪያ ነው። እጇ ጆሮዋን ካልነካ አንደኛ ክፍል አትገባም።»

አዲሳለም ልትጮህ አፏን ስትከፍት በእጃቸው አስቆሟት።

«ለሁለተኛ ክፍል የወጣ የጆሮ መመሪያ ግን እስካሁን አልደረሰኝም። ሁለተኛ ክፍል የማን ነው?»

«የኔ!» አለች አዲሳለም፤ መምህርነቷን ረስታ፣ በሕዝብ ፊት እንደ ልጅ ዘለለች። በልቧ ማስተማሩን ጀምራዋለች፤ መጀመሪያ መጽሐፉን በጎን ታስይዛታለች፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያዞረች ታቃናላታለች። ልጅቷ ክፍሉን በምን እንደምታስቸግረውም ከወዲሁ እያሰበች ትስቅ ነበር። ጓድ መዝገቡ የሳቢትን ስም በገዛ እጃቸው ጻፉ።

ብርሃኔ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «ቀጣይ!» ሲባልም እዚያው ናት። በመጨረሻ ወደ አዲሳለም ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ የማታው ትምህርት ሲጀመር እኔንም እንደገና ከሀ አስጀምሩኝ» አለች። «አሁን ግን ጎረቤት ለምኜም ቢሆን እሷን ትቼ ነው የምመጣው።»