እስካፉ የተሞላው መፍለጫ

አልታየች ከተቀበረች ወዲህ ባሏ ደምመላሽ አላለቀሰም። ጎረቤላ መንደር ውስጥ ይህን ያላስተዋለ አልነበረም፤ ያስተዋለውም ዝም አላለም። «እንባህ የት ገባ?» ሲሉት «እንጃ» ይላል። እውነቱን ነው። ጠዋት ይነሣል፣ ያቀረቡለትን ይበላል፣ ወደ እንጨት መፍለጫው መኪና ይወርዳል።

መፍለጫው የአቶ ወርቅአገኘሁ ነው። እሳቸው የደብረ ብርሃን እንጨት ነጋዴ ናቸው፤ በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ አልታየች በሞተች ሰሞን፣ በላንድሮቨር አስጎትተው አመጡት። ሞተሩ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ ብረቱን ይገፋል፤ ብረቱ ግንዱን ይሰነጥቃል። ለደምመላሽ ሲያስረክቡት የሰጡት ትምህርት አንድ ብቻ ነበር፦ «ዘይት እንዳይጎድልበት!»

ደምመላሽም አላጎደለም። በየማለዳው የዘይት ቋቱን ክዳን ፈትቶ እስካፉ ይሞላዋል። በአልታየች ቤት ጎደል ያለ ዋንጫ ቀርቦ አያውቅም። «ጎዶሎ የሚሰጡት ለባላንጣ ነው» ትል ነበር።

መፍለጫው ግን ከመጣ ጀምሮ ያፈሳል። አቶ ወርቅአገኘሁ ከሥሩ የተኛውን ጥቁር ኩሬ አይተው ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ይኼ ዘይት ከበረሳ ወንዝ የሚቀዳ መሰለህ? ቅዳሜ እመጣለሁ። ያን ቀን ካፈሰሰ ጎትቼው እሄዳለሁ። እስከዚያም እያፈሰሰ አንድ ግንድ እንዳትፈልጥበት!»

የአልታየች ተዝካር እሑድ ነው። የተዝካሩ እንጨት ገና አልተፈለጠም። ያለው የወይራ ግንድ ነው፤ ጉጡ የምሳር ስለት ያረግፋል። ምሳር የሚያነሡት ወንዶችም ሁሉ ገብስ አጨዳ ላይ ናቸው። መፍለጫው ከሄደ፣ የአልታየች እንግዶች ጥሬ ሽሮ ሊጋበዙ ነው።

ደምመላሽ ከሥር ተንጋሎ አየ። ዘይቱ ከቋቱ ሆድ ጠብ ጠብ ይላል። ሆዱ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ጠርጎ በሰም ለሰነው። ሞተሩ ሲሞቅ ሰሙ ቀለጠና ከዘይቱ ጋር አብሮ ወረደ። የቱቦዎቹን ብሎን አጠበቀ፤ እሱም ለውጥ አላመጣም።

በዚህ መሐል መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ለቤተ ክርስቲያን የተፈለጠውን እንጨት ሊያዩ መጡ። አንዱን ፍልጥ አንሥተው ጣታቸውን አሹ።

«ልጄ፣ ይኼ ዘይት የጾም ነው የፍስክ?»

«የመኪና ነው፣ የኔታ።»

«እሱንማ አየሁት። ከምን ወጣ? ከእንስሳ ነው ከእህል?»

«ከመሬት ነው ይላሉ።»

መሪጌታ አሰቡ። «ከመሬትማ ብዙ ነገር ይወጣል» አሉ። «እስኪጣራ ድረስ ቤተልሔም አይግባ፤ ቁርባን ይጋገርበታል።» ፍልጡን ለብቻው አስቆልለው ሄዱ።

ዐርብ ጠዋት ደምመላሽ ከምድጃው አመድ ዝቆ መጣ። ቋቱን በጨርቅ አድርቆ አመዱን ከላይ እስከ ታች ነሰነሰበትና ሞተሩን አስነሣ። መጀመሪያ ምንም የለም። ሞተሩ ሞቅ ሲል ከክዳኑ ሥር አንድ ቀጭን መስመር በአመዱ ላይ ረጠበ። መስመሩ በጎን ወረደ፤ ወደ ሆዱ ታጠፈ፤ እዚያ ተንጠልጥሎ ጠብ አለ። ሆዱ ምንም አልሆነም ነበር። የሚመጣው ከላይ ነው። የክዳኑን ጎማ ፈትቶ አየው፤ ጎማውም ደህና ነው። ቁጭ ብሎ አፈጠጠበት።

የአልታየች ታላቅ እኅት ወለተሐና ምሳውን ይዛ ስትመጣ እንዳፈጠጠ አገኘችው። እጇ እስከ ክርኗ የጠላ ድፍድፍ ነው።

«መኪናውን ልታገባው ነው እንዴ፣ እንዲህ የምታየው?»

«ሲሞቅ በክዳኑ ያፈሳል፣ እትዬ ወለተሐና።»

«ምን ያህል ሞልተኸው?»

«እስካፉ።»

«እስካፉ!» ሣቋ መጣባት፤ ሐዘን ላይ መሆኗ ትዝ ሲላት በነጠላዋ አፈነችው። «አንተ ሰው፣ ድፍድፍ እስካፉ ተሞልቶ ያውቃል? ሞቆ ሲነፋ ወዴት ይሂድልህ?»

«አልታየች እስካፉ ነበር የምትሞላ።»

«እሱማ የእንግዳ ዋንጫ! ጋኑንማ እጇን ከትታ እየለካች አራት ጣት ታጎድለው ነበር። ስንት ዘመን አብረሃት ስትኖር አላየህም?»

አላየም። ምሳውን በላ። ከዚያ ዘይቱን በጣሳ እየጨለፈ አራት ጣት አጎደለ። አዲስ አመድ ነስንሶ ሞተሩን አስነሣ። መፍለጫው ወይራውን አንድ በአንድ ሰነጠቀ፤ አመዱ እንደ ደረቀ ዋለ።

ቅዳሜ አቶ ወርቅአገኘሁ መጥተው የቋቱን ሆድ ዳበሱ፤ ጣታቸውን አሸተቱ።

«በምን ደፈንከው?»

«አልደፈንሁትም፤ ቀነስሁለት።»

«ታዲያ ዘይት ጎደለበት ማለት ነው» አሉ፣ ደስ ሳይላቸው። ቢሆንም አልጎተቱትም።

እሑድ ተዝካሩ ደመቀ። ሽሮው በሰለ፤ ጠላው አልቆ ጋኑ ተገለበጠ። ሰው እየበላ የደምመላሽን ዓይን ይጠብቃል። እሱ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ቆይቶ ሳይወጣ ሲቀር ወለተሐና ከመጋረጃው ኋላ አጮልቃ ተመለሰች።

ደምመላሽ ጋኑን ቀና አድርጎ አቁሞታል። ውስጡ፣ ከአፉ ዝቅ ብሎ፣ የዘመናት ጠላ ያቀለመው ክብ መስመር አለ። አራት ጣቱን በመስመሩና በአፉ መካከል አጋድሟል። የእሱ ጣት ትንሽ ይተርፋል፤ የእሷ ቀጫጭን ነበር።

«አለቀሰ?» አሏት ሴቶቹ።

«አላለቀሰም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ጋን ይለካል» አለች ወለተሐና፤ ገበታውን ማንሣት ጀመረች።