አርባ ደቂቃ

በመሥሪያ ቤቱ «አርባ ደቂቃ» ነው የሚሉት። የአውሮፕላን ትኬት ቆራጭ ነው። እናቱ ወዳለችበት ከተማ በረራው ምን ያህል እንደሚፈጅ ለጠየቀው ሁሉ፣ አውሮፕላኑን እሱ የሠራው ይመስል፣ «ሁለት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር፣ አርባ ደቂቃ!» ይላል አፉን ሞልቶ። በመኪና ግን መንገዱ ገደሉን ሲዞር አሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ታላቅ እህቱ ደወለች።

«እማዬ አንተን አንተን እያለች ነው። የምትቆይ አይመስለኝም። አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳ የለ? ተነስና ድረስ።»

«እትዬ ደግሞ! ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ስንገላታ ልዋል? በዘጠኝ ሰዓቱ በረራ ከች እላለሁ። አርባ ደቂቃ እኮ ነው።»

«እኔ እንጃ። አውቶቡስ ቢያንስ መሬት አይለቅም።»

ሳቀባት። ያን ሳቅ ኋላ ስንት ጊዜ እንደረገመው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

በዘጠኝ ሰዓት ተነሱ፤ ዘጠኝ ከአርባ ላይ ከተማዋ አናት ላይ ነበሩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አብራሪው ግን ዝቅ ማለቱን ተወና መዞር ጀመረ። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ጎማዋ ፈንድቶ ማኮብኮቢያው መሃል ተገትራለች፤ የሚያነሳት አልተገኘም። አራት ጊዜ ዞሩ። በየዙሩ የእናቱን ቤት ቆርቆሮ፣ ግቢው ውስጥ የተሰጣውን አንሶላ ሳይቀር አየ። ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጥፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ነዳጅ ሳያንሰን እንመለስ ተባለና ተመለሱ።

ከአውሮፕላኑ ወርዶ ስልኩን እንደከፈተ እህቱ ቀድማው ደወለች።

«ደረስክ አይደል? እሰይ! የአውሮፕላኑን ድምፅ ሰምታለች እኮ! በላያችን ሲያልፍ ዓይኗን ገልጣ ‹መጣልኝ፣ የግቢውን በር ክፈቱለት› አለች። ቀና አድርጉኝ ብላ ተቀምጣ እየጠበቀችህ ነው። የት ጋ ነህ?»

ቀና ብሎ አየ። ፊቱ ያለችው ያችው የራሱ የትኬት መስኮት ናት።

«መንገድ ላይ ነኝ» አለ። «ታክሲ አጥቼ ነው። አርባ ደቂቃ ብቻ ታገሺው በያት።»

እናቱ አርባውን ደቂቃ ታገሠች፤ ከአንድ ሰዓት በላይም ጨመረችለት። ዓመቱን ሙሉ ሲዘገይ የኖረው አውቶቡስ ያን ቀን ደቂቃ ሳያዛንፍ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከተማዋ ገባ። እሷ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል ነፍሷ ወጣች።

እሱ በማግስቱ ማታ ደረሰ፤ በአውቶቡስ። የግቢው በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። እህቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«እሱ ሳይገባ እንዳትዘጉት ብላን ነው» አለችውና ተነስታ ዘጋችው።