የፕላሲ ቀላል ጠመንጃ

በነሐሴ መጨረሻ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የፕላሲ አስከሬን ባረፈበት ቤት ሴት ልጁ ብራይዳ፣ ወንድሙ ጊየሪ፣ የጊየሪ ልጅ ፍሉሪንና ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኦና ነበሩ። የመቁጠሪያው ጸሎት አልቆ የገብስ ሾርባ እየጠጡ ነበር።

«ጠመንጃውን ፍሉሪን ይውሰደው» አለ ጊየሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የአደን ወቅት ሊከፈት ነው።»

«የአባቴን ጠመንጃ?» አለች ብራይዳ።

«አትቀየሚኝ ልጄ። ክብደቱ በጣም ቀላል ነው፤ ሲተኮስ እንደ ግልገል ይዘላል። ከፕላሲ በቀር ማን ይችለዋል?»

«እኔ።»

ጊየሪ ሳቁን ሾርባው ውስጥ ደበቀ።

«ሬሳ ፊት ከምትጨቃጨቁ ሂዱና ተኩሱ!» አለች ወይዘሮ ኦና። «የአዳኞች የተኩስ ፈተና ዛሬ ያበቃ የለ? እኔ ከፕላሲ ጋር እቆያለሁ። እሱም ጭቅጭቅ አይወድም ነበር።»

«ጥሩ» አለ ጊየሪ። «ኢላማውን የመታበት ይውሰደው።»

ከመንደሩ በታች ባለው የተኩስ ሜዳ ፍሉሪን ቀደመ። የጠመንጃውን አፈሙዝ ፊቱ ባለው የእንጨት መደገፊያ ላይ አስደግፎ፣ ሰደፉን ጨምድዶ ተኮሰ። አንዱ ጥይት ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ግራ ሄደ።

«አላልኩም? ይበትናል!» አለ ጊየሪ።

ብራይዳ ጃኬቷን ጠቅልላ ከጠመንጃው የፊት እንጨት ሥር አደረገችና በደረቷ ተኛች። ፕላሲ ጉልበቱ ሲከዳው ነበር ተራራውን ላለመተው ይህን ጠመንጃ የገዛው። ወንድሙ «የልጅ መጫወቻ» እያለ ያላግጥበት ነበር። እሱ ግን ክረምቱን ሙሉ ባዶውን ጠመንጃ ይዞ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በደረቱ ተኝቶ ያነጣጥር፣ እሷንም ያለማምዳት ነበር።

«ጉንጭሽ ትናንት የት ነበር?» ይላት ነበር።

«እዚህ ጋ፣ አባባ።»

«ዛሬም እዚያው ይሁን። ከባድ ጠመንጃ ስህተትሽን ይሸከምልሻል። ይሄኛው ያሳብቅብሻል።»

ሜዳው ላይ ብራይዳ ግራ እጇን ከፊት አሳረፈች፤ ትከሻዋ እንደ ሁልጊዜው፣ ጉንጯ እንደ ሁልጊዜው። ትንፋሿን በግማሽ ለቀቀች፤ ምላጩን ቀስ አድርጋ ሳበች። ጥይቱ ከወጣ በኋላም ራሷን ቀና አላደረገችም። ያንኑ ደገመች። አሁንም ደገመች።

ኢላማ ተመልካቹ ከማዶ ጮኸ፦ «ሦስቱንም ቀዳዳ አንድ የክብሪት ሳጥን ይሸፍናቸዋል!»

ሜዳው ለፈተና በመጡት አዳኞች ጭብጨባ ተናጋ። ፍሉሪን ራሱ «እኔንም አስተምሪኝ እንጂ!» እያለ አነሳት። ጊየሪ ግን ኢላማውን ትክ ብሎ እያየ ዓይኑ በእንባ ተሞላ።

«ወይ ፕላሲ!» አለ። «እኔ እየሳቅኩበት እሱ ይህን ሁሉ ሠርቷል?»

በማግስቱ ፕላሲ ተቀበረ። በዚያ መንደር የአዳኝን የሬሳ ሳጥን የሚሸከሙት አዳኞች ናቸው። ጊየሪ የፊተኛውን እጀታ ለብራይዳ ለቀቀላትና ራሱ ዞሮ የኋላውን ያዘ።